የተቃናው መስቀል

ፋሲካ ሆዷ ላይ ሦስት መስቀል ይዛ ከአዲስ አበባ ተመለሰች። አንዱ ከእምብርቷ ከፍ ብሎ፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ ጎኗ፣ በሐምራዊ ቀለም የተሠሩ ትንንሽ መስቀሎች ነበሩ። ይሻው ይህን ገና አላወቀም። እሱ ያወቀው፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ቆሞ ሲጠብቃት ዓይኗ ዓይኑ ላይ አርፎ ወዲያው መሸሹን ብቻ ነው። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና ወንድሟን ሙሉቀንን ተደግፋ ወደ መንደሯ ወደ ገሳይ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገባች።

ይሻው በእጁ ፌስታል ሙሉ ብርቱካን ይዟል። ሕመሟ ከጀመራት ወዲህ ከብርቱካን በቀር የሚረጋላት ምግብ እንደሌለ ሰምቶ ነበር። ሚኒባሱ አቧራውን አንሥቶ ሲሄድ ፌስታሉን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፤ ከዚያ መልሶ አዛወረ። አባቷ አሸነፉ ማለት ነው ብሎ አሰበ። ወደ ብየዳ ቤቱ ተመለሰና ቀኑን ሙሉ አንድ የመስኮት ፍርግርግ ሲበይድና ሲፈታ ዋለ።

ይሻው የቀጥቃጭ ልጅ ነው። አባቱ እብናት ገበያ ማረሻና ማጭድ ሲያሾሉ የኖሩ ሰው ናቸው። እሱ ተምሮ፣ በብረታ ብረት ሙያ ዲግሪ ይዞ፣ ደብረ ታቦር ላይ የራሱን ቤት ከፍቷል። ከጉና ተራራ ሥር ላለው መንደር ግን የቀጥቃጭ ልጅ በዲግሪም የቀጥቃጭ ልጅ ነው። የሠራውን ይገዙታል፤ ዓይኑን ግን ይፈሩታል። ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል ይላሉ።

ከፋሲካ ጋር የተዋወቁት እሷ በምታስተምርበት የገሳይ ትምህርት ቤት የተሰበሩ ወንበሮችን ሊጠግን ሄዶ ነው። የተማሪዎቹን ሁሉ ሠርቶ ሲጨርስ የመምህሯን ወንበር አንድ እግሩን ሆን ብሎ አሳጥሮ ተወው፤ ተመልሶ ለመምጣት ምክንያት እንዲሆነው። በሳምንቱ መጥቶ ላስተካክለው ሲላት ፋሲካ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተወዛወዘች፣ አሁን ለምጄዋለሁ፣ ስትፈልግ ግን እየመጣህ እየው አለችው። እየመጣ አየው። ወንበሩ እስከ ዛሬ አንካሳ ነው።

ሽማግሌ የላከው ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። አባቷ መሪጌታ ዳኛቸው በብራና ላይ ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ሽማግሌዎቹን አላዋረዱም፣ አላባረሩም። የሰው ልጅ ሁሉ ከአንድ አዳም መሆኑን በእጄ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ መንደሩ ግን የጻፍሁትን አያነብም፤ ነገ ልጄን ማን ሠርግ ይጠራታል፣ ማን ክርስትና ያነሣላታል ብለው እምቢ አሉ። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ በአንድ ቤት እየኖሩ ከሰላምታ በቀር አይነጋገሩም። ፍቅረኞቹ ግን ኔትወርክ በሌለበት ሰሞን እንኳ በሾፌሮች እጅ ደብዳቤ ይለዋወጡ ነበር። ደብዳቤዋ የቆመው ከታመመች በኋላ ነው።

መናኸሪያው ላይ ፊቷን ካዞረችበት በሳምንቱ፣ ፋሲካ ለደም ምርመራ ደብረ ታቦር እንደመጣች ሰማ። ላይሄድ ወስኖ ሄደ። ከላቦራቶሪው ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ጋቢ ተከናንባ ብቻዋን ተቀምጣለች። ጉንጮቿ ገብተዋል። ዓይኖቿ ግን የድሮዎቹ ነበሩ።

«ብርቱካኔን ለማን ሰጠኸው?» አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትለው።

«በላሁት።»

«ሁሉንም?»

«ሰው የሚበላ ሰውዬ ብርቱካን ያቅተዋል?»

ጎኗን በእጇ ደግፋ ሳቀች። ሳቁ አመማትና አቆመች። «ሰምተሃላ» አለች ቀስ ብላ።

ሙሉውን አልሰማም ነበር። እሷ ነገረችው። መክሳት ስትጀምር፣ ዓይኗ ቢጫ ሲሆን፣ የመንደሩ ሴቶች እናቷን ወይዘሮ እመቤቴን ከበው የቀጥቃጩ ልጅ በልቷት ነው ብለዋቸዋል። አንዳንድ ጎረምሶችም ደብረ ታቦር ድረስ ወርደን እናሳየዋለን ሲሉ ሙሉቀን ሰምቷል። ደብዳቤ ያቆመችው ለዚህ ነው፤ መናኸሪያው ላይ ፊቷን ያዞረችውም አብሯት ከመኪናው የወረደው ሰው ግማሹ የመንደሯ ሰው ስለነበረ ነው።

«እኔን የፈራሽ መስሎኝ ነበር» አለ ይሻው።

«ላንተ ፈርቼ ነው እንጂ።»

ከዚያ ስለ ሕመሟ ነገረችው፤ ለክፍሏ ልጆች እንደምታስረዳ ሰው ረጋ ብላ። ዕጢው ያለው ቆሽቷ ላይ ነው። አጠገቡ ያለውን ትልቅ የደም ሥር አቅፎ ስለያዘ የቀዶ ሐኪም ቢላ አይደርስበትም። ለወራት ኬሞ የሚባለውን መድኃኒት በደም ሥሯ ወስዳለች፤ አሁን ደግሞ ጨረር ሊጨመርላት ነው። ሐኪሟ ዶክተር ኤልሳቤጥ እንዳለቻት፣ ጨረሩ በሚሰጥባቸው ቀናት የኬሞ ክኒን ትውጣለች፤ ክኒኑ ዕጢውን ያደክመዋል፣ ጨረሩ ደግሞ የደከመውን ይመታዋል። ሕመሟን ሊያስታግስ፣ ዕጢውን ሊያሳንስ፣ ዕድሜ ሊጨምርላት ይችላል። ማዳን የሚለውን ቃል ዶክተሯ አልተናገረችም፤ ፋሲካም አልጠየቀችም።

«ለየብቻ የማይችሉትን አብረው ይችሉ ይሆናል አለችኝ። ስለኔና ስላንተ የምታወራ መሰለኝ።»

«ይሆናል ነው ያለችው?»

«ይሆናል።»

የመኪናው ተራ የሚደርሳት ከጥምቀት በኋላ ነው። መኪና የምትለው ጨረሩን የሚሰጠውን ማሽን ነው። ሦስቱ መስቀሎች ጨረሩ የት እንደሚያርፍ የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸው፤ እስከዚያው ድረስ ውኃና ሳሙና ሊነካቸው አይገባም። ይሻው ይህን ሰምቶ አቀረቀረ። ሰው ሁሉ በዓይኑ በላት የሚለውን ሆድ አንድ ቀን እንኳ አይቶት አያውቅም። አሁን ሦስት መስቀል አርፎበታል፤ እሱ ግን እጇን ለመያዝ እንኳ በረንዳውን ግራና ቀኝ መቃኘት ነበረበት። ማንም አልነበረም። ያዛት። እጇ ከጉና ንፋስ ይቀዘቅዝ ነበር።

*

ወይዘሮ እመቤቴ ልጃቸውን ጠበል ሊያስጠምቁ ፈለጉ። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆቹን ቆሽቴን አሳረራችሁት እያልሁ ኖርሁ፣ ይኸው የአፌ ሆኖ እሷን ያዛት እያሉ ያለቅሱ ነበር። የከለከሏቸው መሪጌታ ዳኛቸው ናቸው። ጠበሉን ትጠጣ እንጂ አትጠመቅ አሉ። በዓለ ጥምቀትም ሕዝቡ እየተጋፋ ሲረጭ ፋሲካን ከሩቅ አስቀምጠው፣ በትንሽ ብልቃጥ ውኃውን ራሳቸው አመጡላት።

ምልክቶቹ ምን እንደሆኑ መሪጌታ ማንም ሳይነግራቸው ገብቷቸዋል። ብራና ሲዘጋጅ፣ ከመጻፉ በፊት ጠርዙ ግራና ቀኝ በወስፌ ይወጋል፤ መስመሩ የሚሰመረው ከነጥብ ወደ ነጥብ ነው። አንዱ ነጥብ ከሳተ ገጹ ሁሉ ይስታል። እዚህም እንዲያው ነው ብለው ለባለቤታቸው አስረዱ። በሁለት ዓመት ውስጥ ልጃቸው እየሰማች ስለ እሷ የተናገሩት ረጅሙ ነገር ይህ ነበር። ፋሲካ አልጋዋ ላይ ሆና በግድግዳው ማዶ አዳመጠቻቸው።

ግን ትኩሳትና ላብ አለ፤ ቆዳዋንም ይበላት ነበር። ጉዞው ሲቃረብ መስቀሎቹ ደበዘዙ። ፋሲካ ለእናቷ፣ ከጠፉ ተራዬ ያልፋል ብላ ነግራቸው ነበር። ሆስፒታሉ ጨምሮ ያስጠነቀቀውን፣ ቢደበዝዙም ከኛ በቀር ማንም እንዳይነካቸው የሚለውን አልነገረቻቸውም። ማን ይነካቸዋል ብላ ታስብ?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የሕመም ማስታገሻው አስተኝቷት ሳለ፣ ወይዘሮ እመቤቴ ባላቸውን ጠሩ። ልብሷን ከሆዷ ላይ ጥቂት ገለጥ አድርገው፣ ኧረ እየጠፋ ነው፣ ምን ይሻላል አሉ። መሪጌታ ልጃቸው ሕፃን ሳለች ካዩት ወዲህ ያላዩትን ሆድ አዩ። ወጡና የመቃ ብዕራቸውን፣ ለወንጌል የሚያዘጋጁትንም ጥቁር ቀለም ይዘው ተመለሱ። እንዳትነቃ ትንፋሻቸውን ውጠው የመካከሉን ደገሙት፤ የቀኙንም ደገሙት። የግራው መስቀል ግን ትንሽ ዘንበል ብሎ የተሠራ ነበር። ብዙ ሕመምተኛ ስለሚያዩ ቸኩለው ይሆናል ብለው አሰቡ። መሪጌታ ዳኛቸው በሙያ ዘመናቸው ጠማማ መስመር ትተው አያውቁም። የደበዘዘውን በእርጥብ ጥጥ አበሱና፣ የገብስ ፍሬ በምታህል ርቀት አቅንተው፣ በመጽሐፍ ገጽ ራስ ላይ የሚሣል የሚመስል ውብ መስቀል ሠሩ።

ፋሲካ ስትነቃ ቀለሙ ጠቁሮ አየችው። የማን እጅ እንደሆነ ሳትጠይቅ አወቀች። እንደምን ዋልሽ ከማለት አልፎ ያላናገራት አባቷ አጎንብሶ ሆዷ ላይ መስቀል ጽፎላታል። አንዱ መስቀል ቦታውን መቀየሩን አላስተዋለችም። ትራሷ እስኪርስ ያለቀሰችው በደስታ ነበር።

በማግስቱ መሪጌታ ደብረ ታቦር ወርደው ከይሻው ብየዳ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሙ። በሕይወታቸው የቀጥቃጭ ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም፤ መሣሪያ ሲፈልጉ ሰው ነበር የሚልኩት። ከኪሳቸው ወስፌያቸውን አወጡና ደንዟል፣ አሹልልኝ አሉ። ይሻው እጀታውን ሲያይ የአባቱን ሥራ አወቀ። እያሾለ ሳለ ሽማግሌው ከበስተኋላው ተናገሩ።

«ከይሻው ጋር ካልሆነ አልሄድም ብላለች። ሙሉቀንም ከተማውን በቅጡ አያውቀውም። አድርስልኝ።»

«እሺ፣ የኔታ።»

«መንገዱን ነው የፈቀድሁልህ። ሌላ አይደለም።»

ይሻው ወስፌውን በጨርቅ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲመኘው የኖረው ደጃፍ ተከፍቶ፣ የተፈቀደለት የሆስፒታል መንገድ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም አፈረ።

*

አዲስ አበባ ላይ የጨረሩን ማሽን የምታንቀሳቅሰው ባለሙያ ወጣት ሴት ነበረች። ፋሲካን ከማሽኑ ሥር ካለው ጠባብ አልጋ ላይ አስተኝታ መብራቱን አጠፋች። ከግድግዳና ከጣሪያ የሚመጡ ቀጫጭን የብርሃን መስመሮች ሆዷ ላይ ወረዱ። መስመሮቹ ከመስቀሎቹ ጋር መግጠም ነበረባቸው። የመካከሉ ገጠመ። የቀኙም ገጠመ። የግራው አልገጠመም። አንሥታ አስተኛቻት፣ ጎኗን ገፋ አደረገች፣ እንደገና ሞከረች። ከዚያ መብራቱን አብርታ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይሄ የኛ አይደለም» አለች። «እኛ እንዲህ አናሳምርም።»

ፋሲካ ይህን ለይሻው ስትነግረው ከሆስፒታሉ ግቢ ጥድ ሥር ተቀምጠው ነበር። አላለቀሰችም። ጨረሩ አንዲት የገብስ ፍሬ ያህል ከሳተ ጤነኛውን አንጀቷን ስለሚያቃጥል፣ ምስሉ እንደገና መነሣት፣ ልኩም እንደገና መሠራት አለበት ተብላለች።

«አየህ፣ አንተ ያጣመምከውን ወንበር እኔ አላቃናሁም» አለችው። «አባቴ ግን ጠማማ ነገር ዓይቶ ማለፍ አይችልም።»

በይሻው ልብ ቁጣ ተነሣ። ያ ሰውዬ መጀመሪያ ፍቅራቸውን ከለከለ፤ አሁን ደግሞ መድኃኒቷን። ቁጣው ልክ እንዳልሆነ ያውቀዋል፤ ቢሆንም አልወጣለትም።

ውጤቱ በመጣ ቀን ዶክተር ኤልሳቤጥ ሁለቱንም ከፊቷ አስቀመጠቻቸው። አዲሱ ምስል ላይ ጉበቷ ላይ የተበተኑ ነጠብጣቦች ታይተዋል። ሕመሙ ከቆሽቷ አልፏል። ጨረር አንድን ቦታ መርጦ የሚመታ ሕክምና ስለሆነ ከእንግዲህ አይጠቅማትም፤ የሚቀረው አቅሟ ከቻለ ኬሞ፣ ካልቻለ ሕመሟን ማስታገስ ነው። ወደ ቤቷ ብትመለስ ይሻላል።

ፋሲካ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ምልክቱ ባይዛባ ኖሮ?»

ነጠብጣቦቹ ባለፈው ምስል ጊዜም ሳይኖሩ አይቀሩም፣ ለመታየት አንሰው ነው እንጂ አለች ዶክተሯ። ምንም ለውጥ አያመጣም ነበር አለች። ይህን ስትል ወረቀቶቿን ታስተካክል ነበር። እውነት ይሁን ርኅራኄ፣ ይሻው እስከ ዛሬ አያውቀውም።

ወደ ደጅ ሲወጡ ፋሲካ ክንዱን ያዘችው። «ስለ ጉበቴ እንነግራቸዋለን። ስለ መስቀሉ ግን አባቴ እንዳይሰማ። ዶክተሯ ያለችውን ብንነግረው እንኳ እሱ የሚይዘው መጥፎውን ብቻ ነው። ከኔ በኋላ ብዙ ዓመት ይኖራል። ብዕሩን እንዲጥል አልፈልግም።»

«ቂም የለሽም?»

«በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ነካኝ፣ ይሻው። እሱንም እንዳይወስዱብኝ።»

እሱም እሺ አላት። እሺ ማለት በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ከብዶት አያውቅም።

*

ወሩ ጥር ነው። ገሳይ ሲደርሱ ከየተራራው ጥግ የሠርግ ከበሮ ይሰማ ነበር። መሪጌታ ዳኛቸው ከመንገዱ ዳር በቅሎ ጭነው ሲጠብቁ አገኟቸው። የጉበቱን ነገር ሙሉቀን በስልክ ሰምቶ ነግሯቸዋል። ልጃቸውን ግንባሯን ሳሟት፤ ይሻው ደግፎ በቅሎዋ ላይ አወጣት። ክብደቷ የአንድ ጋቢ ያህል ነበር። የተፈቀደለት መንገድ እዚህ ላይ አብቅቷል። ሊሰናበት ሲጎነበስ ሽማግሌው እጁን ይዘው ጥቂት ፈቀቅ አደረጉት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እውነቱን ንገረኝ።» ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «መስቀሎቹን ደግሜ ጽፌያቸው ነበር። የግራዋን ጥቂት አቃንቻታለሁ። ከሄዳችሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በኔ ምክንያት ነው የመለሷት?»

ይሻው ዓይናቸውን አየ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ይህን ሰው የሚመታበት ቃል አገኛለሁ እያለ ሲያልም ኖሯል። ቃሉ አሁን አፉ ላይ ነው። ብረት ሲግል አንድ አፍታ አለው፤ ያን ጊዜ ከመቱት ይታጠፋል፣ ካለፈ ግን አለፈ። ሽማግሌው እጁን አልለቀቁትም። ጣቶቻቸው በቀለም የጠቆሩ ነበሩ።

«አይደለም፣ የኔታ። ሕመሙ ወደ ጉበቷ ስላለፈ ነው።»

«የግራዋስ?»

«ባለሙያዋ እሷን አይታ፣ እኛ እንዲህ አናሳምርም አለች።»

መሪጌታ እጆቻቸውን ገልብጠው አዩአቸው። ፈገግ ሊሉ ፈልገው አልሆነላቸውም፤ ዕንባቸው በሸበተው ጢማቸው ላይ ወረደ። ከዚያ ወደ በቅሎዋ ሄዱና የልጓሙን ገመድ ፈትተው ለይሻው ዘረጉለት።

ይሻው አልተቀበለም። በዚያ አገር በጥር ወር፣ ሴት በበቅሎ ተቀምጣ ወንድ ልጓም ይዞ መንደር ሲገባ ሰው ሙሽራ መጣች እንደሚል ሁለቱም ያውቃሉ።

«መንደሩ ያየናል፣ የኔታ።»

«ይየን» አሉ ሽማግሌው። «ሳባት፣ ልጄ። እኔ ከኋላ እከተላችኋለሁ።»

ይሻው ልጓሙን ያዘ። የገብስ ክምር ከተደረደረበት አውድማ አጠገብ ሴቶች ብቅ ብቅ እያሉ ቆመው አዩአቸው። ከኋላ የመሪጌታ ከዘራ ድንጋዩን ሲመታ ይሰማል። ፋሲካ ከበቅሎዋ ላይ ወደ እሱ ዘንበል አለች።

«ሰማሁህ» አለችው። «ዋሸህለት።»

«ባለሙያዋ ያለችውን ነው የነገርኳቸው።»

ከሩቅ የሠርጉ ከበሮ ይመታል፤ የማን ሠርግ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ትንሽ እንደሄዱ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ወንበሬ ክፍል ውስጥ አለች» አለችው። «ከኔ በኋላ ማንም እንዳያቃናት።»

ይሻው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ዞሮ ሊያያት አልቻለም። በቅሎዋ ቤቷን ስላወቀች መፍጠን ጀመረች። ልጓሙን ሰብሰብ አድርጎ ያዘባትና ቀስ አስባላት። መንደሩ ቅርብ ነበር። ይህን መንገድ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲመኘው ኖሯል፤ አሁን የሚመኘው እንዳያልቅ ብቻ ነበር።